ከጀርባዬ የደበቅኩት ሰሌዳ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ዌስተርቪል በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ነው። ዛሬም የጋራዥ በር ሲከፈት ስሰማ ልቤ ስንጥቅ ይላል። ጽፌው ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ሆም ኬር ነው የምሠራው፤ ሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያን እጦራለሁ። የምንከባከባቸው ሽማግሌ እንግሊዛዊ ናቸው። ጋሽ አርተር እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። በወጣትነታቸው አገራቸው ላይ የመኪና ማስታወቂያ ሠዓሊ ነበሩ። የቤታቸው ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም፤ ግድግዳው በሙሉ የድሮ የቤንዚን፣ የጎማና የሞተር ዘይት ማስታወቂያ ነው። ገሚሱ መስታወት ውስጥ ያለ ወረቀት፣ ገሚሱ ቀለም የተቀባ የብረት ሰሌዳ። አቧራውን ስጠርግ እሳቸው ዊልቸር ላይ ሆነው የእያንዳንዱን ታሪክ ይነግሩኛል።

ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ እያለን ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው መጡ። ሃምሳን ያለፉ ጎልማሶች ናቸው። ትልቁ ሁሉም ይሸጥ አለ። ትንሹ ደግሞ አባቴ በሕይወት እያለ አንድም ነገር ከዚህ አይነቀልም አለ። ትልቁ ክንድ የሚያህል የብረት ሰሌዳ ከግድግዳው ነቀለ። ትንሹ ቀማውና በዚያው ብረት ግንባሩን ፈነከተው። ደሙ መስታወቶቹ ላይ ተረጨ። ሰውዬው ወደቀ፤ ወንድሙ ሊደግመው ብረቱን አነሳ። ጋሽ አርተር ከጥግ ሆነው ተው ይላሉ፣ ማን ይስማቸው!

ሥራ ስጀምር የተነገረኝ ጠብ ከተነሳ ማንንም እንዳልነካ፣ ወጥቼ ፖሊስ እንዲመጣ ናይን ዋን ዋን ኮል እንዳደርግ ነው። እኔ ግን ኮልፌ ነው ያደግኩት፤ ሰው ሲፈናከት ዳር ቆሞ ማየት አላውቅበትም። ዘልዬ ገባሁ። ምቱ ትከሻዬ ላይ አረፈ። የትንሹን ወገብ ጨምድጄ ስታገለው በክርኑ አፌን ብሎ ጥርሴን አወለቀው። እንደምንም ሰሌዳውን ቀማሁት። ከዚያ የሰፈሬ ገላጋይ በቀማው ዱላ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ መልሶ እንዳይነጥቀኝ ከጀርባዬ ደበቅኩት።

ጎረቤት ደውሎ ኖሮ ፖሊስ በተከፈተው የጋራዥ በር ገባ። እስቲ ያየውን አስቡት፤ መሬት ላይ ደም የሚፈሰው ነጭ፣ አጠገቡ አፉ በደም የተሞላ ጥቁር፣ እጁን ከጀርባው ያደረገ። ሽጉጡን ደረቴ ላይ ደገነው።

«እጅህን አሳየኝ!»

ባወጣው ብረቱን አይቶ ይተኩሳል፣ ባላወጣውም ይተኩሳል። ጣቶቼ ደርቀው አልፈታ አሉ። በቃ ሞትኩ አልኩ። ልጄ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

ያኔ የዊልቸሩ ጎማ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ጋሽ አርተር መጥተው በእኔና በሽጉጡ መካከል ገቡ።

«ልጄን ያተረፈልኝ እሱ ነው» አሉ። «የምትተኩስ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ነው።»

ፖሊሱ ሽጉጡን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ። ሰሌዳው ከእጄ ወደቀ፤ እኔም ተከትዬው ቁጭ አልኩ።

ትልቁ ልጅ ብዙ ተሰፍቶ ዳነ። አሠሪዎቼ ሁለተኛ ጠብ ውስጥ እንዳልገባ አስፈረሙኝ፤ ሚስቴም አስማለችኝ። እሺ ብያለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ መቆም የማይችሉ ሽማግሌ በሽጉጥ ፊት ገብተው ከገላገሉኝ በኋላ ዳር መቆም የምችል አይመስለኝም። ብቻ ከእንግዲህ የቀማሁትን መሬት ላይ ነው የምጥለው።