የተካፈሉት መድኃኒት

ደብረ ታቦርን የለቀቅኩት ደስ እያለኝ ነው። ብርዱን አልወደውም ነበር፤ ከብርዱም ይልቅ ሰዉን። ምን እንደለበስሽ፣ ከማን ጋር እንደቆምሽ፣ ስንት ሰዓት እንደገባሽ ሁሉም ያውቃል። ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ሥራ ሳገኝ ዞር ብዬ አላየሁም። እናቴን አብረን እንኑር ብያት ነበር። «እዚያ ማን ሊያናግረኝ?» ብላ ቀረች።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። በየወሩ ኢንሱሊኗን ከበረዶ ጋር አሽጌ ለሚኒባስ ሾፌር እሰጣለሁ፤ ከሰዓት ላይ ደውላ «ደርሶኛል» ትለኛለች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተኩስ ተነሣና መንገዱ ተዘጋ። በወረታም በአንበሳሜም በኩል የሚያልፍ መኪና ጠፋ። ስልኩም ተቋረጠ። የእናቴ መድኃኒት በምሠራበት ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ለሌሎች እናቶች እሸጣለሁ። መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሮቹን ለመንኳቸው። አንዱ «እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለኝ።

መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። መድኃኒቱን መንገዱን ሙሉ ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም። ሰፈር ስደርስ ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ። እኚህ ሴትና እናቴ በአጥር ወሰን ተጣልተው ስድስት ዓመት ያህል የእግዜር ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። መጥተው ዕቃውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀኗ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። ድንኳኑ እንደገና መተከሉን ግን አስታውሳለሁ። አልቅሰው የቀበሩ ሰዎች ብቻዬን እንዳላለቅስ ብለው እንደ አዲስ ተሰብስበው አለቀሱልኝ። ይህ ስሸሸው የኖርኩት ሰፈር ነበር።

ሰዉ ሲቀል ጎረቤታችን አጠገቤ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ስትሞት ማን አጠባት?»

«እኔ። ታዲያ ማን ሊያጥባት ኖሯል?»

«ተሠቃይታለች?»

«ልዋሽሽ?»

«አይዋሹኝ።»

«ተሠቃይታለች። ውሃ ውሃ ስትል ነው የከረመችው። መጨረሻ ላይ ሰው መለየት አቃታት። እኔን በአንቺ ስም ጠራችኝ። እኔም አቤት አልኳት።»

ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ነገሩኝ። የእናቴ ኢንሱሊን ሲያልቅ ሆስፒታሉም አልነበረውም። እሳቸው ስኳር አለበት የተባለውን ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ። ሁሉም ባዶ እጁን ነበር። አንድ ብልቃጥ የተገኘው ስድስተኛ ክፍል ካስተማሩኝ ጡረተኛ መምህር ቤት ነው። መብራት ስላልነበረ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ እንስራ ውስጥ አስቀምጠውታል። መምህሩ የራሳቸውን መጠን በግማሽ ቀንሰው፣ ግማሹን ለእናቴ ሰጡ። ጎረቤታችን ጠዋትና ማታ በመርፌ እያስቀዱ ይወስዱላት ነበር። ብልቃጡ እስኪያልቅ እናቴ ሁለት ሳምንት ኖረች።

በማግስቱ ለእናቴ ያመጣሁትን መድኃኒት ይዤ መምህሩ ቤት ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁን ሳልፈታው ሽታው ነገረኝ። የቆየች ትንሽ ቁስል ነበረቻቸው፤ በዚያ ወር ውስጥ ስኳራቸው ሲጨምር ወደ አጥንት ገብታለች።

«መምህር፣ ለምን እንዲህ አደረጉ? ለእርስዎም እኮ አይበቃም ነበር።»

«መስጠቱስ አልከበደኝም» አሉኝ። «ሲያልቅ፣ አለቀ ብሎ ወደ እናትሽ መላኩ ነው የከበደኝ።»

ባሕር ዳር ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ እግሩ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት አለ። ወረቀቱ ላይ የሚፈርም ቤተሰብ ሲጠይቁ «ልጃቸው ነኝ» ብዬ ፈረምኩ። መምህሩ ሰምተውኛል፤ አላስተባበሉኝም። ሲሻላቸው ወደ ደብረ ታቦር መለስኳቸው። ሚኒባሱ ሲቆም የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ይጠብቁ ነበር፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ብርዱ እንደድሮው ነበር።

አሁን በየወሩ እመላለሳለሁ። ጎረቤታችንን እግዜር ይስጥልኝ ስላቸው እጃቸውን ያወናጭፉብኛል። እናቴ ብትኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ባልታረቁ ነበር፤ እሳቸውም አይደብቁትም።

ባለፈው ስሄድ መምህሩን ደህና አድርጌ ላመሰግናቸው ቆርጬ ነበር። ገና «መምህር» ከማለቴ «ክራንቹን አቀብዪኝ፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንሂድ» አሉኝ። ቀስ እያልን፣ በየጥቂቱ እየቆምን፣ እናቴ እስከተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ድረስ አብረን ሄድን።