ጳጉሜንን የማያውቀው ማሽን

ጳጉሜን ሦስት፣ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ነበር... ፓዌ ላይ፣ ለሰፈራ በመጣን በጥቂት ዓመት ውስጥ። ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነውና የመንደሩ ሰው ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ወጥቶ በዝናቡ ይጠመቃል። እኔም በዚያው ዝናብ ቆሜ ነበር፤ ለመጠመቅ ግን አልነበረም። የቆምሁት በመድኃኒት መጋዘኑ የሽቦ መስኮት ፊት ነው።

ያን ጊዜ ከወሎ ከሰፋሪዎች ጋር የመጣሁ ወጣት ቄስ ነኝ። ባለቤቴ አስካለ ነፍሰ ጡር ሳለች ወባ ጥሏት ጤና ጣቢያ ተኝታለች። ክኒኑ አልረጋላት ቢል፣ እያስመለሳት፣ ሐኪሙ መርፌ አዘዘላት። መርፌው ግን ከጤና ጣቢያው አልቋል፤ ያለው በመጋዘኑ ብቻ ነው። ልወጣ ስል እጄን ይዛ፣ «መርፌው እስኪመጣ የሩፋኤልን ዝናብ ይቅዱልኝ» አለችኝ።

የመጋዘኑ ሠራተኛ ዱጋሳ የሚባል የወለጋ ሰው ነው። በሃይማኖት ባንገናኝም ቄስ ያከብራል። በጠረጴዛው ላይ ፈረንጆች ያመጡት ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ከዚያ ቤት አንዲት ብልቃጥ እንኳ የምትወጣው ማሽኑ ቀኑን ተቀብሎ የወጪ ወረቀት ሲያትም ነው።

«ቄስ፣ እኔ እምቢ አላልኩም» አለኝ ገና ሳልናገር። «እሱ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ጳጉሜን ነዋ። የሠሩት ሰዎች ዓመቱን አሥራ ሁለት ወር ብቻ አድርገው ነው የሠሩት። አሥራ ሦስተኛ ብዬ ስጽፍለት፣ እንዲህ ያለ ወር የለም ይለኛል።»

ነገሩ አዲስ አልነበረም። በየዓመቱ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የጳጉሜን መድኃኒት አስቀድሞ ለጤና ጣቢያው ይሰጥና መጋዘኑ እስከ ዕንቁጣጣሽ ይጾማል። በዚያ ዓመት ግን ወባው በረታ፤ የተሰጠውም መርፌ ገና በጳጉሜን መባቻ አለቀ።

«ነሐሴ ሠላሳ ብለህ ጻፍለት።»

«ነሐሴ ተዘግቷል። መክፈቻውን የምስጢር ቃል የሚያውቀው ኃላፊው ነው፤ እሱ ደግሞ ለአብዮት በዓል አዲስ አበባ ሄዷል።»

«መስከረም አንድ በለው።»

«ያልደረሰ ቀን አይቀበልም። ሞክሬዋለሁ... ሁሉንም ሞክሬዋለሁ።»

«ለሠሩት ሰዎች አልተነገራቸውም?»

«ተጽፏል። አምና ተጽፏል፣ ካቻምናም ተጽፏል። መልሱ ‹ችግሩ ይታወቃል› ነው።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «እናንተ ካህናት ተስማምታችሁ ጳጉሜንን ነሐሴ ውስጥ ብትከቷት ምን ነበረበት፣ ቄስ?»

አልሳቅሁም። ከሽቦው ማዶ፣ ከመደርደሪያው ላይ፣ የመርፌው ካርቶን ይታየኛል።

«እጅህን ዘርግተህ ስጠኝ፣ ዱጋሳ።»

ከኋላዬ ሰው አለመኖሩን አየ።

«ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰው አምና በጳጉሜን እጁን ዘርግቶ ሰጠ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መስከረም ሲገባ ማሽኑ ጉድለት አሳየ። አሻጥረኛ ብለው ቻግኒ እስር ቤት ወሰዱት። ሚስቱ ይኸው እስከ ዛሬ ስንቅ ታመላልሳለች። እኔም ልጆች አሉኝ፣ ቄስ... ዋቃዮ ያያል።»

ስለ እኔ ሚስት ብለህ ሚስትህን ለቻግኒ መንገድ ዳርጋት ማለት አልሆነልኝም። በጣሳ የዝናቡን ውኃ ቀድቼ ተመለስሁ።

አስካለ ከጣሳው ተጎነጨች፤ የቀረውንም ሆዷን አስቀባችኝ።

«ሰማዩ ተከፈተ?» አለችኝ።

«ተከፍቷል» አልኋት። መጋዘኑ መዘጋቱን አልነገርኋትም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከነፅንሷ ዐረፈች።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ዱጋሳ መጣ። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የዝናብ ካፖርት ለብሷል። ከጤና ጣቢያው ደጅ ሲደርስ የሴቶቹን ልቅሶ ሰማና ባለበት ቀረ። ወደ እርሱ ስሄድ ካፖርቱን ገለጥ አደረገ... ለአስካለ የታዘዘላትን መርፌ በብብቱ ይዞታል።

«ከራሴ ጋር ስሟገት አደርኩ» አለ። «ዘገየሁ፣ ቄስ።»

ካፖርቱን በገዛ እጄ መልሼ ከደንሁለት።

«ሰው ሳያይህ ከቦታው መልሰው» አልሁት። «ለአንድ ቀን አንድ ቤት ይበቃል።»

ዓመቱ ተለወጠ፤ ኃላፊውም ከበዓሉ ተመለሰ። ሟች ከሰፋሪው የስንዴ ቀለብ እንድትሠረዝ ሞቷን ለማሽኑ መንገር የእርሱ ሥራ ነበርና አስጠራኝ። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«መቼ ዐረፉ፣ አባ?»

«ጳጉሜን አራት።»

ጻፈ። የማሽኑን መስታወት አየ። ደግሞ ጻፈና ጣቶቹን ከማሽኑ ላይ አነሣ። ዱጋሳ ከመደርደሪያው ዘንድ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«መስከረም አንድ ብንላቸውስ?» አለ ኃላፊው። «ለወረቀቱ ያህል ነው።»

«ፍትሐት ያደረስሁላት፣ ተዝካሯንም የምቈጥረው ከጳጉሜን አራት ነው» አልሁት። «የሞተችበትን ቀን አልለውጥባትም።»

ኃላፊው ተነፈሰ። «እንግዲያውስ ለጊዜው በሕይወት እንተዋቸው፣ አባ። ችግሩ ይታወቃል።»

የአስካለ ስንዴ ሰፈራው እስኪበተን ድረስ በየወሩ በስሟ ይመጣ ነበር። እኔ አልቀመስሁትም። ዱጋሳ እየተሸከመ ለዚያ ለቻግኒው እስረኛ ሚስት ያደርስላት ነበር፣ ለስንቅ።

ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሁለተኛ አያገባም፤ እኔም ቆብ ደፋሁ... ማሽኑ እንደሚለው ከሆነ ግን የመነኰስሁት ሚስቴን በሕይወት ሳለች ጥያት ነው።