ስድሳ ላይ የቀረው ስክሪን

ባለፈው ሳምንት እህቴ ስንዱ ከቤሩት ለልጄ የኮምፒውተር ስክሪን ላከችለት። ካርቶኑን ቀዶ ገና ሳይሰካው፣ "አባ፣ የዚህ ምስል በሴኮንድ መቶ አርባ አራት ጊዜ ይታደሳል! እናንተ በስድሳ እንዴት ትጫወቱ ነበር?" አለኝ።

ስንዱ መጀመሪያ ከዐረብ አገር ስትመለስ ሁለተኛ አልሰደድም ብላ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፈች ልትተዳደርበት አንድ ኮምፒውተር ገዛች። ያ ክረምት ጭጋጉ እስከ ቀትር አይገለጥም፤ ክፍሏ እርጥብ ጋቢና ጭቃ ይሸታል። እሷ ለምሳ ስትወጣ እኔ እገባና ወጥ በነካው እጄ ቁልፎቹን እያጨማለቅሁ የተኩስ ጨዋታ እጫወታለሁ። ጠላት ከሩቅ ጥርት ብሎ እንዲታየኝ የምስሉን ጥራት ከፍ አደረግሁት። እነዚያ ከኋላ የተነፉ ስክሪኖች ጥራት ሲጨመርባቸው መታደሳቸው ይቀንሳል። ወደ ስድሳ ወረደና ነጩ ገጽ ይርገበገብ ጀመር።

ለእኔ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ነበር። ስንዱ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያ ገጽ ላይ ታፈጣለች። ራሷን ያማት ጀመር፤ ኋላም ባልዲ አጠገቧ አስቀምጣ ታስመልስ ነበር። ባልዲውን የምደፋው እኔ ነበርሁ፣ አፍንጫዬን ይዤ፣ እሷን እየተጸየፍሁ።

አንድ የኮምፒውተር መምህር ደብዳቤ ሊያጽፍ መጥቶ እሷ ታማ አጣት። ስክሪኑን አየና፣ "ጥራቱን ዝቅ፣ መታደሻውን ሰማንያ አምስት አድርገው እንጂ፤ ዓይኗን ታጠፉታላችሁ" አለኝ። አደረግሁት። በማግስቱ ጠላቶቼ ቢደበዝዙብኝ መልሼ ስድሳ ላይ ጣልሁት። ተጫውቼ ስነሣ ማስተካከሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

እናታችን፣ "ዓይነ ጥላ ነው እንጂ፣ አገሯ እንዳትቀመጥ የሚያሳድዳት!" ብለው ጣራ ገዳም ጠበል ወሰዷት። ሁለት ሳምንት ጥሬ ሽምብራ ቆርጥማ፣ ቀልቧ ተመልሶ መጣች። ጎረቤቱ እልል አለ። ስክሪኑ ፊት በተቀመጠች በሳምንቷ ግን፣ "ባልዲውን አምጣልኝ" አለች።

ያን ጊዜም አልተናገርሁም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ነቅዞ ሸቷል። እናታችን "ጋኔኑ ማሽኑ ላይ ነው" ብለው አሸጡት። ዳግም ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ መናኸሪያ ስሸኛት "እትዬ፣ መቼ ትመለሻለሽ?" ብላት፣ "ምን ሠርቼ ልበላ?" አለችኝ።

ትናንት ልጄ ሊያመሰግናት ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ነበርና ሰማኋት፤ "ዓይንህን ጠብቅ፣ የእኔ ዓይነ ጥላ በስክሪን ነው የገባው። ጠበሉ ባይኖር ሞቼ ነበር። እስቲ አባትህን ስጠኝ፣ ባልዲዬን ሲደፋልኝ የኖረውን።"

ስልኩን ተቀበልሁ።

"እግዜር ይስጥህ፣ ወንድምዓለም" አለችኝ።

"አሜን" አልኋት። ከዚያ ወዲህ አፌን ብጉመጠመጥ፣ ብጉመጠመጥ አልጠራልኝ አለ።