የጋሽ ከማል የጡረታ ዕቅድ በድንገት ስለማረፉ

በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ፦ ቆቦ አካባቢ ርካሽ ቤት ተከራይተው፣ ሜዳና ተራራውን በእግር እየዞሩ ጡረታቸውን ሊያሳልፉ የነበሩት የአክስቴ ባል የጋሽ ከማል ዕቅድ፣ ዛሬ ቀትር ላይ ሮቢት ሳይደርስ አንድ ግራር ሥር አርፏል።

ገዳዩ እኔ ነኝ።

ትናንት ጋሽ ከማል አያቴ ፊት ቁጭ ብለው፣ «በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ሰው ያለቀው በስንፍና ነው። ተነስቶ አይሄድም ነበር?» አሉ።

አያቴ አባባ ሰኢድ ያኔ ታናሽ እህቱን አዝሎ ከሮቢት ቆቦ በእግሩ የመጣ ሰው ነው። አንገቱን ደፋ።

እኔ ቂም አልረሳም። ትምህርቱን እንዲህ ብይዝ ኖሮ ይሄኔ ዶክተር ነበርኩ።

ዛሬ ጠዋት፣ «ጋሼ፣ ሮቢት ርካሽ ቤት አለ። በእርሻው ካቋረጥን ቅርብ ናት» አልኳቸው። የኛ ሰው መቼም ሩቅ ነው አይልም። መንገድ ላይ የጠየቁት ሁሉ «ቅርብ ናት፣ ደርሳችኋል እኮ!» አላቸው።

ስድስተኛውን ሰው ከጠየቁ በኋላ ግራሩ ሥር ተዘረፈጡ። «ልጄ፣ ሞትኩልህ!»

«ምነው ጋሼ፣ ስንፍና ነው? ተነስተው አይሄዱም?»

ጫማቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን ያሹ ጀመር።

ለአባባ ደወልኩ፤ በባጃጅ መጥቶ ውሃ አቀበላቸው። «እኔም ያኔ እህቴን ቅርብ ናት፣ ቅርብ ናት እያልኩ ነው ያደረስኳት» አላቸው። ጋሽ ከማል የአባባን ጉልበት ይዘው «አፉ ይበሉኝ» አሉ።

እናንተስ «ቅርብ ናት» ተብላችሁ የት ድረስ ሄዳችኋል?

ለለቅሶ የተነሳችሁ ተመለሱ፤ ዕቅዱ ነፍስ ዘርቷል። አባባ እዚሁ ቆቦ፣ ከኛ ጎረቤት ቤት እየፈለገላቸው ነው። የደረሰው ጉዳት አንድ ተረከዝ ውሃ መቋጠሩ ብቻ ነው።