አሚን ባዮቹን የማይቆርጥ ፕሮግራም ፍለጋ

ሰኞ ንጋት፣ መካነ ሰላም

ወደ ደሴ የተነሣሁት የጎረቤቴን የእማማ ዘምዘምን ምርቃት ለልጃቸው ለማድረስ ነው። ሀዋ ጂዳ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የፊታችን ጁምዓ እዚያው ኒካህ ልታስር ነው። «ድምፃቸውንማ በስልክ እሰማለሁ። ሲመርቁኝ ፊታቸውንና እጃቸውን ሳላይ ግን ኒካህ አላስርም» አለች።

ካሜራ ያለኝ እኔ ነኝ። እማማን ደጃቸው ላይ አስቀምጬ፣ ሰባት የሰፈር ሴቶች ከኋላቸው አሚን እያሉ ቀረጽኳቸው። ቪዲዮው ከብዶ የከተማችን ኢንተርኔት አልጭንም አለ። ፊትንም ድምፅንም ሳያበላሽ የሚያሳንስ ፕሮግራም ካልተገኘ፣ ኒካሁ መቅረቱ ነው።

መንገድ ላይ

አውቶብሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። ኮረኮንቹ ያንገጫግጨናል፣ አቧራው በተሰነጠቀው መስኮት ይገባል። ቪዲዮው ያለባትን ሜሞሪ በመሐረብ ቋጥሬ ደረቴ ውስጥ አድርጌያት ስለነበር እጄን ከዚያ አላነሣሁም። አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ ታዘቡኝ።

«እትዬ፣ ደረትዎን ያመዎታል?»

«አይ፣ ምርቃት ይዤ ነው።»

«ታዲያ ለኛም ይድረሰና! የዚህች መኪና ፍሬን እንደሁ አያስተማምንም።»

ሾፌሩ ሰምቶ «አባባ፣ ፍሬኗንስ ተዉት፤ እኔን ያስመርቁልኝ» አለ። መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ።

አቃስታ ላይ ቁርስ ወረድን። ትኩስ የድንች ወጥ በላሁ፤ በርበሬው ዓይን ያስለቅሳል፣ ግን ጥሩ ነው። ጉጉፍቱ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ በመብራት ነዳ። ብርዱ አጥንት ድረስ ገባ። ገበሬው ሳይጠየቁ የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

ደሴ

ከሰዓት በፊት ደረስን። አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቤት አመለከቱኝ። ባለቤቱን ሳይ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። መምህርት ሳለሁ አለቃዬ ነበር። የሸክላ ሠሪ ሴቶችን ሥራ አንድ ክረምት ሙሉ ዞሬ የቀረጽኩበትን ካሴት በራሱ ስም አሳይቶ ተሸልሞበታል። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

ኮምፒውተሩ ላይ የነበረችው ሰሚራ የምትባል ሠራተኛው ናት፤ ትሑትና ፈጣን ልጅ። ሦስት ፕሮግራም ሞከረችልኝ። የመጀመሪያው በቅጽበት አሳነሰው፤ የእማማ ፊት ግን እንደ ዳማ ሰሌዳ ካሬ ካሬ ሆነ። በሁለተኛው ፊታቸው ጠራ፤ ድምፃቸው ግን ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ሦስተኛው ቀርፋፋ ነው፤ መጀመሪያ ቪዲዮውን ዳር እስከ ዳር ያያል፣ ከዚያ እንደገና ተመልሶ ይጨምቀዋል። የምስሉንም የድምፁንም ልክ ለየብቻ መምረጥ ይቻላል። በሱም ቢሆን አልቀለለም።

ሰሚራ ምክንያቱን አሳየችኝ። «የሚያከብዱት ከኋላ ያሉት ናቸው፣ እትዬ አስካለ። የሚንቀሳቀስ ነገር ቦታ ይበላል። እነሱ ይወዛወዛሉ፣ ሻርፓቸውም ዝንጉርጉር ነው። እማማ ግን እንደ ዋርካ ረግተዋል።»

አለቃዬ የነበረው ሰው በትከሻዬ በኩል መጣ። «ሴቶቹን ቁረጫቸው። አሮጊቷ ብቻ ይበቃሉ። ድምፁንም አጥፊው፤ ጫጫታ ነው። ደግሞ ያ ከሁሉ የሚጮኸው አሚን ያንቺ አይደለም፣ አስካለ?»

«የኔ ነው። ካሜራው አፌ ሥር ነበር።»

«አንቺ እኮ ክርስቲያን ነሽ!»

«ታዲያ ክርስቲያን ለጎረቤቱ አሚን አይልም? አንተ ወሎ ተወልደህ ዱዓ ያለ አሚን ባይ ሲደረግ የት አየህ? ብቻውን ያወራ ሰው መረቀ ይባላል?»

ሰሚራ አንገቷን ደፍታ ሳቀች።

«ልጄ፣ ምስሉን የመዳፍ ያህል አሳንሺው» አልኳት። «እማማም ሴቶቹም ከነእጃቸው ይታዩ። ከድምፁ ግን ምንም አትንኪ።» ሦስተኛው ፕሮግራም ሥራውን እስኪጨርስ ምሳዬን በልቼ ተመለስኩ። ቪዲዮው ቀሏል። ምስሉ ትንሽ ነው፤ ፊታቸው ግን ፊት ነው፣ አሚኑም አሚን ነው። ሰሚራ እዚያው ኢንተርኔት ላይ ጭናው፣ አድራሻውን ለሀዋ ላከችላት። ስወጣ ሰውየው «ጥሩ መርጠሻል» አለኝ። ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው፤ እኔ ግን ሜሞሪዬን በመሐረቤ ቋጥሬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ረቡዕ፣ ቤት

እንደገባሁ እማማ ጋ ሄድኩ። ሀዋ ደውላ ነበር። አብረዋት የሚኖሩትን የወሎ ልጆች ሰብስባ፣ ትንሿን ምስል ከበው አይተው፣ እነሱም ከሴቶቻችን ጋር እኩል አሚን ብለዋል። ጁምዓ ኒካሁ ይታሰራል።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ ፕሮግራም የሚመረጠው በሚያተርፈው ቦታ አይደለም። መጀመሪያ ምን እንዲቆረጥ እንደማትፈልግ ማወቅ አለብህ።

የሰውየውንም ነገር ለእማማ ነገርኳቸው። ሙሉውን ሰምተው «አስካለ፣ አውፍ በይው እንጂ፤ ይቅር በይው» አሉኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኳቸው። ቀን ግን አልቆረጥኩም።