ያንቀላፋ ቡና

ቡናውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የቡ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው የእናቴ ጓሮ ቡና አባታችን በሕይወት ሳለ የተከለው ነው። አርጅቶ ፍሬው ሲሳሳ፣ «ግንዱ ይቆረጥ፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል» ብዬ እናቴን ያሳመንኳት እኔ፣ መጋዙን የያዝኩትም እኔ። ጅማ ከተማ መምህር ስለሆንኩ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል።

ከዚያ ዝናቡ ዘገየ። ሦስት ወር አለፈ፤ ከጉቶዎቹ አንድም ቡቃያ የለም። በየቅዳሜው የጓሮውን በር ስከፍት ዓይኔ ቀድሞ ጉቶዎቹ ላይ ያርፋል። እናቴ መልሷ አንድ ቃል ነበር፤ «አንቀላፍቷል።» ቃሉ ያናድደኝ ጀመር። ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ተማሪ እንኳ ስሙን ሲጠሩት ብድግ ይላል። ጉቶን ማን ብዬ ልጥራው?

ሰርቦ ከተማ የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዶማ ይዞ መጣ፤ ሁሉንም ነቅሎ ጫት ሊተክልበት።

«ደርቋል እኮ፤ ለምን ራሳችሁን ታታልላላችሁ?» አለ።

«ሜ፣ እስቲ ቆይ» አለች እናቴ፣ እንደ ልማዷ ኦሮምኛ ቀላቅላ። «አንቀላፍቷል አልኩህ።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አጠገቡ ያለውን ጉቶ ልጡን በጥፍሩ ጫረው። ውስጡ ቡናማ፣ ደረቅ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ዓይኑን ሽሽት ሌላ ጉቶ ሥር ተንበረከክሁ። ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ጥፍር የሚያህል ቦታ ቀድሞ ተጭሮ በጭቃ ተለስኗል። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። የሚቀጥለውም።

የእናቴን እጅ አየሁት። ጥፍሮቿ አልቀዋል።

«የቆምክበት ሞቷል» አለችው ወንድሜን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አጥሩ ጥግ ያሉት አራቱም ሞተዋል። እነሱን ንቀል። የቀሩት ውስጣቸው እርጥብ ነው፤ ወላሂ እንዳትነካቸው።»

«የሞቱትን ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንተ ነሃ የቆረጥከው፤ ልብህ እንዳይሰበር ብዬ» አለች።

ወንድሜ አምስቱን መንቀል ጀመረ። እኔ አንዱን እርጥብ ጉቶ በጥፍሬ ጫር አድርጌ አየሁትና መልሼ በጭቃ ለሰንኩት።