የሰይድ ባጃጅና የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች

ልጄን ሰይድን የገደለው ፖሊስ ዛሬ ጠዋት ሽማግሌ ላከብኝ።

ልጄ የተገደለው ጦርነቱ ወደ ከተማችን ወደ መርሳ በተቃረበ ሰሞን ነው። ሰይድ ባጃጁን እየነዳ ከግራና ከተማ ሲመለስ፣ "ቁም ሲባል አልቆመም" ተብሎ በጠራራ ፀሐይ ኬላው ላይ ተተኮሰበት።

የዚያችን ባጃጅ ፍሬን የመርሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገበያ ሲያደርሰኝ እግሩን አስፋልቱ ላይ እየጎተተ ነበር የሚያቆማት። "እማ፣ አንቺም እግርሽን አውርጂና አግዢኝ እንጂ!" እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔም የእውነት አወርድ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ሐጂ ይማም፣ "ልጄ፣ ለአላህ ብለሽ አፉ በዪው፤ ክሱንም አንሺለት" አሉኝ።

"ሐጂ፣ አንቱም ተሳፍረውባታል። ጁምዓ ጁምዓ ስንቴ መስጊዱን አሳልፎ አወረደዎት?" አልኳቸው።

ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሱ። ለእርቅ መጥቶ የሚስቅ ሽማግሌ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"መጀመሪያ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ለምን እንደተኮሰ ይጠየቅ። አፉታው ከዚያ በኋላ ነው" አልኩ።

ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና፣ "እንግዲያው ከሽምግልናው ወጥቻለሁ። ምስክር ብለሽ አስጽፊኝ" አሉ።

እናንተስ እንደ እኔ ልጅ የተገደለባችሁ እህቶቼ፣ "ክሱን ተዪው" ብለው ሲመጡባችሁ ምን መለሳችሁ? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬ ሁሉንም አነባለሁ።